ዴልቲክ ዲ9015 በ7 ሚሊሜትር ልኬት፦ ከፕላስቲክ ሉህ እስከ ሐዲድ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

የሚሠራው የእንግሊዙ ዴልቲክ ሎኮሞቲቭ (ባቡር የሚጎትተው ማሽን) ትንሽ ሞዴል ነው፤ ሎኮሞቲቩ በኋላ ክላስ 55 ተባለ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእንግሊዝ ኒውተን ለ ዊሎስ በነበረው የኢንግሊሽ ኤሌክትሪክ ፋብሪካ፣ ቩልካን ፋውንድሪ፣ በ1961 እና በ1962 ከዚህ ዓይነት 22 ብቻ ተሠሩ። በእያንዳንዱ ሆድ ውስጥ ሁለት የኔፒየር ሞተሮች አሉ፤ አንዱ 1,650 የፈረስ ጉልበት ስለሚሰጥ በድምሩ 3,300 ይሆናል። ሞተሩ መጀመሪያ የተሠራው ለባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባዎች ነበር። 18 ሲሊንደሮቹ በሦስት ማዕዘን ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ሦስት ማዕዘኑ የተገለበጠ የግሪክ ዴልታ ስለሚመስል ስሙ ከዚያ መጣ።

ይህን ማወቅ ለሞዴል ሠሪ ይጠቅማል። በሁለቱ ሞተሮች መካከል መንገደኞችን የሚያሞቅ የእንፋሎት ቦይለር ስላለ፣ ጣሪያው ላይ ከመሐል ወደ ሁለቱ ጫፎች የሚታየው ነገር ሞተሮቹን ተከትሎ ይደጋገማል፤ መሐሉ ግን ለብቻው ነው። ጣሪያውን ከአንድ ጫፍ ፎቶ ብቻ ተነሥቶ የሠራ ሰው ቦይለሩን ይረሳል።

ዋናው ውሳኔ ግን ቁጥርና ዘመን ነው። ዝም ብሎ ዴልቲክ መሥራት አይቻልም፤ አንድ ቁጥር፣ በአንድ ዘመን ነው የሚሠራው። እኛ የመረጥነው ዲ9015 ቱልያርን ነው፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ እንደነበረው። ቱልያር በ1952 የደርቢን ውድድር ያሸነፈ ፈረስ ነው፤ የለንደኑ ፊንስበሪ ፓርክ ዴፖ ሎኮሞቲቮቹን በእሽቅድምድም ፈረሶች ስም ሲሰይም፣ የጌትስሄድና የሄይማርኬት ዴፖዎች ደግሞ በጦር ሬጅመንቶች ስም ሰየሙ። ከዘመኑ የሚከተሉት ነገሮች ብዙ ናቸው፦ ሁለት ዓይነት አረንጓዴ ቀለም፣ አፍንጫው ላይ ግማሽ ቢጫ፣ ለሠረገሎቹ ፍሬን የቫኪዩም ቱቦ ብቻ፣ የእንፋሎት ማሞቂያ ቱቦ። የአየር ፍሬን ቱቦ የመጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ በተገዛው የናስ ዕቃ ከረጢት ውስጥ የነበሩትን የአየር ቱቦዎች መጀመሪያውኑ አውጥተን ለይተን አስቀመጥን። ጠረጴዛ ላይ የቀረ ዕቃ መጨረሻ ላይ ሞዴሉ ላይ መለጠፉ አይቀርም።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር እንበል። ከ22ቱ ስድስቱ ዛሬም አሉ፤ ዲ9015 ከነርሱ አንዱ ሲሆን ባሮው ሂል በሚገኘው የዴልቲክ ጥበቃ ማኅበር ዴፖ ይኖራል። የዛሬው ፎቶ ለቅርጽ እጅግ ጥሩ ነው፣ ለዝርዝር ግን ያሳስታል፤ በዋናው መስመር ለመሮጥ የተጨመሩ ዘመናዊ ዕቃዎች አሉበትና። ቅርጹን ከዛሬው፣ ዝርዝሩን ከያኔው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወሰድን።

ቀን 1 እና 2፦ ልኬት

በ7 ሚሊሜትር ልኬት አንድ ፉት 7 ሚሜ፣ አንድ ኢንች 0.583 ሚሜ ይሆናል፤ ይህም 1 ለ 43.5 ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 69 ፉት ከ6 ኢንች የሆነው ርዝመት 486.5 ሚሜ ሆነ። ወርዱ 8 ፉት ከ9½ ኢንች ነውና 61.5 ሚሜ። የቦጊዎቹ (ጎማዎቹን የያዙት፣ ከአካሉ ሥር የሚዞሩት ጋሪዎች) ማዕከሎች ርቀት 45 ፉት፣ በሞዴሉ 315 ሚሜ። በአንድ ቦጊ ከፊተኛው አክስል እስከ ኋለኛው 13 ፉት ከ6 ኢንች፣ ማለትም 94.5 ሚሜ። የጎማው ዲያሜትር 43 ኢንች፣ ማለትም 25.1 ሚሜ። ባፈሩ (ጫፉ ላይ ግጭት የሚያበርደው መከላከያ) ከሐዲዱ ራስ እስከ መሐሉ 24.2 ሚሜ። እነዚህን ስምንት የማይሞሉ ቁጥሮች በወፍራም ብዕር ጽፈን ግድግዳ ላይ ሰቀልን፤ በየቀኑ የተመለከትነው ሥዕሉን ሳይሆን ይህን ወረቀት ነው።

የሐዲዱ ወርድ ጥያቄ ያስነሣል። የእንግሊዝ ሐዲድ 4 ፉት ከ8½ ኢንች፣ ማለትም 1,435 ሚሜ ነው፤ አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመርም ይኸው ነው። በ7 ሚሜ ልኬት 33 ሚሜ መሆን ሲገባው በገበያ የሚገኘው ሐዲድ 32 ሚሜ ነው። አንድ ሚሊሜትሩን ለመመለስ ሐዲዱን ሁሉ በእጅ መሥራት ስለሚጠይቅ 32ን ተቀበልን፤ በቦጊው ሽፋን ጀርባ የሚታየው ክፍተት በየጎኑ ግማሽ ሚሜ ብቻ ነው። (ከለገሃር ይነሣ የነበረውን የአንድ ሜትር ሐዲድ በዚሁ ልኬት መሥራት የሚፈልግ 23 ሚሜ ያስፈልገዋል።)

የታተመ ሥዕል ሲባዛ ይለጠጣል። እኛ የያዝነው በርዝመቱ 486.5 መሆን ሲገባው 484 ወጣ፣ በቁመቱ ግን ልክ ነበር። ከወረቀቱ ላይ በካሊፐር እየለኩ መቁረጥ ስለዚህ አይሆንም፤ ከትክክለኛው ቁጥር አስልቶ ነው።

ቀን 3 እስከ 7፦ ጎኖቹና ጎድኖቹ

ሁለቱ ጎኖች ከ1 ሚሜ ስታይሪን (የፕላስቲክ ዓይነት) ሉህ ተቆረጡ። ሁለቱን ሉሆች በሁለት ወገን ቴፕ አጣብቀን አንድ ላይ ስለቆረጥን መስኮቶቹና በሮቹ ትይዩ ወጡ። መስኮቱ መጀመሪያ በየማዕዘኑ በ1.5 ሚሜ ፑንታ ይበሳል፣ ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በቢላ ይከፈታል፤ ማዕዘኑ ክብ ሆኖ ይወጣል፣ ሉሁም አይሰነጠቅም። የአየር ማስገቢያ ጥርሶቹን ከ0.25 ሚሜ ሉህ ቆርጠን አንድ በአንድ አስገባን። አሰልቺ ነው፤ ግን በመስመር ብቻ የተጫረ ጥርስ ጥላ ስለማይጥል ቀለም ከተቀባ በኋላ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

በውስጥ በየ40 ሚሜው ከ1.5 ሚሜ ሉህ የተሠሩ ጎድኖች ቆሙ። እያንዳንዱ ጎድን መሐሉ ላይ 20 ሚሜ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ለሽቦ ብቻ አይደለም። ስታይሪን የሚጣበቀው ፕላስቲኩን በሚያቀልጥ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከታፈነ ተንኖ መውጫ ያጣና ፕላስቲኩን ከውስጥ እያለሰለሰ ለወራት ይቆያል። ዛሬ ቀጥ ያለው ጎን በስድስተኛው ወር የሚጎብጠው በዚህ ነው። ስለዚህ ሁለት ሉህ በተደራረበበት ሁሉ በስውሩ ወገን በየ25 ሚሜው 1 ሚሜ ቀዳዳ በሳን፤ ፈሳሹንም በቀጭን ብሩሽ ከጠርዝ አስነካን እንጂ ፊቱን ሁሉ አላጥለቀለቅንም።

ጣሪያው ከሁለት 0.5 ሚሜ ሉሆች ተደራርቦ ተሠራ። እያንዳንዱ ሉህ በፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የፈላ ውኃ ፈስሶበት፣ እስኪቀዘቅዝ ታሰረ። ቱቦው ከሚፈለገው ክብ ትንሽ ይጥበብ፤ ሉሁ ሲፈታ ይመለሳልና። የመጀመሪያው ሙከራ በዚህ ምክንያት ተበላሸ፦ ልክ በሆነ ቱቦ ላይ ስለታሰረ ከጎኖቹ በየወገኑ 2 ሚሜ ወጣ።

ጣሪያውን በቋሚነት አላጣበቅነውም። መሐለኛው ክፍል በአራት ማግኔት ተይዞ ይነሣል። በእውነተኛው ዴልቲክም ሞተሩ በጣሪያ በኩል ነበር የሚወጣው፤ ደክሞ የመጣው ወጥቶ ታድሶ የተጠበቀው ይገባ ነበር። በጣሪያው ላይ ያሉት የመገጣጠሚያ መስመሮች እውነተኛ ክፍተቶች ስለሆኑ የማግኔቱ ክፍተት እዚያው ተደበቀ። የማራገቢያዎቹን ወንፊት ከተቀረጸ ናስ ገዛን፤ ከሥሩ ያሉትን ምላሶች ግን ከ0.4 ሚሜ ናስ ቆረጥን፣ ምክንያቱም በወንፊቱ በኩል ቁልቁል የሚያይ ሁሉ ባዶ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ቀን 8 እስከ 19፦ አፍንጫው

አብዛኛው ጊዜ ያለቀው እዚህ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ዴልቲክን ዴልቲክ የሚያሰኘው ፊቱ ነው። የቀረው ሁሉ ፍጹም ሆኖ አፍንጫው በአንድ ሚሊሜትር ከተሳሳተ ሌላ ሎኮሞቲቭ ይመስላል። አፍንጫው ወደ ፊት ይጠብባል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትከሻው ላይ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ይጎብጣል፤ ሉህ በአንድ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ አይታጠፍም።

ሁለት አፍንጫ በእጅ አንድ ዓይነት አድርጎ መቅረጽ አይሞከርም። አንድ ብቻ ተቀርጾ ሁለት ጊዜ ይወለዳል። አጽሙን ከ1.5 ሚሜ ሉህ ሠራን፦ አንድ የመሐል መገለጫ፣ አንድ የላይ እይታ፣ አምስት ተሻጋሪ ጎድኖች። ክፍተቶቹን ሁለት ዓይነት ተለውሶ በሚጠነክር የኤፖክሲ ስቱኮ ሞላን፤ ግን በሁለት ዙር፣ መጀመሪያ ከጠርዙ 2 ሚሜ ዝቅ አድርጎ፣ ሲደርቅ ሁለተኛውን ከጠርዙ ትንሽ አሳልፎ። በአንድ ጊዜ የተሞላ ስቱኮ ውስጡ ሙቀት አጥምዶ ይሰነጠቃል።

ሽርክቱ በ120 የብርጭቆ ወረቀት ተጀመረ፤ ከዚያ 240፣ 400፣ 800። ወረቀቱ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ይለጠፋል፤ በጣት ብቻ የተሸረከተ ሁሉ ጎድጓዳ ይሆናል፣ ጣት ለስላሳውን ስቱኮ አልፎ ጠንካራውን ፕላስቲክ ይተዋልና። ትክክለኛነቱ የተፈተነው በካርቶን መለኪያ ነው፦ የግማሹ ቅርጽ ብቻ ይቆረጣል፣ በቀኝ ይገጠማል፣ ተገልብጦ በግራ ይገጠማል። ቀኙ ትክክል ሆኖ ግራው 0.4 ሚሜ ወፍሮ አገኘነው። ያ በእውነተኛው ላይ 17 ሚሜ ገደማ ነው፤ በፎቶ ጎን ለጎን ሲታይ ግን ፊቱ ያጋደለ ይመስል ነበር። በዓይን ብቻ አይገኝም ነበር።

ግራጫ አንትረስት ከተነፋ በኋላ መብራት ከጎን በዝቅታ አብርተን አየነው። ትከሻው ላይ ማዕበል ነበር። ሦስት ጊዜ ሸረከትን፣ ሦስት ጊዜ ነፋን።

ከዚያ የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ። ሳጥኑ በሁሉም ወገን 10 ሚሜ ክፍተት ይኑረው። ሲሊኮኑ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ሳጥኑን በሩዝ ሞልተን ሩዙን በመለኪያ ዕቃ ገለበጥን። ማስተሩን (የሚባዛውን የመጀመሪያ አፍንጫ) ለመያዝ የተጠቀምነው ጭቃ ድኝ የሌለበት መሆን አለበት፤ ድኝ ያለበት ጭቃ ሲሊኮኑን አያደርቀውም፣ የነካው ፊት ሙጫ ሆኖ ይቀራል፣ ማስተሩም ይበላሻል። ሲሊኮኑ በቀጭን ጅረት ከአንድ ማዕዘን ይፈስሳል፤ በራሱ እየወጣ ቅርጹን ይሸፍናል፣ አረፋም አይያዝም። 24 ሰዓት ተጠበቀ።

ሬዚኑ የ3 ደቂቃ ዕድሜ ያለው ፖሊዩሬቴን ነው፣ በክብደት አንድ ለአንድ። እርጥበት ጠላቱ ነው፤ ጠርሙሱ ክፍት ከቆየ ወይም ቅርጽ ማውጫው ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ አረፋ ያወጣል። የመጀመሪያው አፍንጫ ጫፉ ላይ አራት ቀዳዳ ይዞ ወጣ፣ ምክንያቱም ጫፉ ወደ ላይ ነበር። ቅርጽ ማውጫውን ገልብጠን ጫፉን ወደ ታች ስናደርገው አረፋው ወደማይታየው ጀርባ ሄደ። የሬዚን መኮማተርም አለ። 61.5 ሚሜ የነበረው መገጣጠሚያ 61.2 ሆኖ ወጣ። እንደ ዕድል ሳይሆን በሒሳብ ማስተሩን 61.8 ማድረግ ይቻል ነበር፤ እኛ በጎኖቹ ጫፍ ላይ 0.15 ሚሜ በመሸርከት አስታረቅነው።

የስታይሪን ማጣበቂያ ሬዚንን አይዝም። መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፣ አንድ ጊዜ ሲወድቅ አፍንጫው ይነቀላል። በየአፍንጫው ሦስት የ2 ሚሜ ናስ ካስማ አስገብተን በኤፖክሲ አጣበቅን።

የፊት መስታወቶቹ ምሰሶ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። በሥዕሉ ላይ ያለው መስመር ራሱ ውፍረት አለው፤ ከመስመሩ ውጭ የቆረጠ ሰው ምሰሶውን በ0.5 ሚሜ ያቀጥነዋል፣ ሎኮሞቲቩም ዓይኑ ያበጠ ይመስላል። ከመስመሩ ውስጥ ቆርጦ በሞረድ ማስፋት ነው።

የቁጥር ሳጥኑ በአፍንጫው መሐል ነው። በዚያ ዘመን በአራት ምልክት የባቡሩን ዓይነትና መድረሻ ያሳይ ነበር፤ 1 ፈጣን የመንገደኛ ባቡር፣ ኤስ ደግሞ ስኮትላንድ የሚሄድ። ሳጥኑን 4 ሚሜ ጥልቅ አድርገን ከፈትነው፣ ከኋላ በሁለት ኤልኢዲ የሚበራ። ከ1976 በኋላ ቁጥሩ ስለቀረ ሳጥኑ ተሸፍኖ ሁለት ነጭ ክብ ብቻ ቀረበት፤ በአረንጓዴ ዴልቲክ ላይ ሁለት ነጭ ነጥብ ካያችሁ ዘመኑ ተቀላቅሏል። ብርቱ የፊት መብራትም እንዲሁ በዚህ ዘመን የለም።

ቀን 20 እስከ 31፦ ቦጊዎቹ

የውስጥ ክፈፉ ከ1.2 ሚሜ የናስ ላሜራ ነው። አራቱን ጎኖች በስታኞ አጣብቀን አንድ ላይ በሳናቸው፤ ቀዳዳዎቹ በ0.1 ሚሜ ቢለያዩ ጎማው ይንገዳገዳልና። የመካከለኛው አክስል ቦታ ከመበሳቱ በፊት ከሥዕሉ ይረጋገጥ፤ 94.5 የሚለው ቁጥር የዳሮቹን ብቻ ነው የሚናገረው።

የዳሮቹ አክስሎች በናስ ቦኮላ ቋሚ ሆኑ። የመካከለኛው ቀዳዳ ወደ ላይና ወደ ታች በ0.6 ሚሜ ተሞርዶ በቀጭን ሞላ ወደ ታች ይገፋል። ወደ ጎን ደግሞ በየወገኑ 1 ሚሜ ነፃ ነው። ለምን 1? ሐዲዳችን ላይ ያለው ጠባቡ ኩርባ 1,800 ሚሜ ሬዲየስ ነው፤ 94.5 በራሱ ሲባዛ፣ በ8 ጊዜ 1,800 ሲካፈል 0.62 ሚሜ ይመጣል። መካከለኛው አክስል ያን ያህል ካልሸሸ የፊተኛው ጎማ ወደ ሐዲዱ ይወጣል።

ይኸው ሒሳብ ለአካሉም ተሠራ። መሐሉ በኩርባው ውስጥ ወደ ውስጥ 6.9 ሚሜ ይገባል፣ የባፈሩ ጫፍ ደግሞ 9.5 ሚሜ ወደ ውጭ ይወጣል። ቦጊው ከአካሉ 5 ዲግሪ ይዞራል፣ ጫፍ አክስሉ ላይ ያለው ጎማም 4.1 ሚሜ ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ከቦጊው አጠገብ የሚሰቀል ማንኛውም ደረጃ፣ ቱቦ ወይም ታንክ ከጎማው 4.5 ሚሜ መራቅ አለበት። ይህን ሳይሰሉ ዝርዝሩን ማጣበቅ በመጨረሻው ቀን በመቁረጫ መንቀል ነው።

ጎማዎቹ ከጀርባ እስከ ጀርባ 29 ሚሜ። ከአሥራ ሁለቱ ጎማዎች ሁለት አክስሎች 28.6 ላይ ተገጥመው አገኘናቸው፤ በቀጥታው ሐዲድ ምንም አይሉም፣ መቀያየሪያው ላይ ግን ይዘላሉ። በመለኪያ ሳይፈተሹ ማስቀመጥ አያዋጣም።

በአንዱ ቦጊ ላይ አካሉ በሁለት ጎን ነጥቦች ያርፋል፣ በሌላው ላይ በአንድ መሐል ነጥብ። ሦስት እግር ያለው በርጩማ እንደማይወላገድ ሁሉ ይህም በማንኛውም ሐዲድ ላይ አሥራ ሁለቱን ጎማ ያሳርፋል።

የሚታየው የቦጊ ሽፋን ከማስተር በሬዚን ተባዛ። ክላስ 37ም የዚህኑ ዓይነት ቦጊ ስለተጠቀመ ፎቶ ማግኘት ቀላል ነው። የፍሬን ሲሊንደሮቹን በማስተሩ ላይ አላደረግንም፤ ለብቻ ተቆርጠው ተጨመሩ፣ ጀርባቸው ባዶ ካልሆነ ጥልቀት አይኖርም።

ቀን 32 እስከ 36፦ ሞተርና ኤሌክትሪክ

በየቦጊው አንድ የ12 ቮልት ሞተር፣ አንዱ አክስል በዎርም ጊር (ብሎን በሚመስል ጊር)፣ ሁለቱ ደግሞ በፕላስቲክ ሰንሰለት ይነዳሉ። የጊሩ ጥምርታ በስሌት ተመረጠ፦ 100 ማይል በሰዓት በዚህ ልኬት በሰከንድ 1.03 ሜትር ነው፤ የጎማው ዙሪያ 78.8 ሚሜ ስለሆነ በደቂቃ 782 ዙር ይፈለጋል። ሞተራችን ጭነት ይዞ 11,700 ያህል ስለሚዞር 15 ለ 1 ልክ መጣ። 30 ለ 1 ቢገጠም ኤክስፕረሱ በ50 ማይል ይንፏቀቃል።

ሰንሰለቱ መሐሉ ላይ 1.5 ሚሜ ያህል ይላላ። የተወጠረ ሰንሰለት አክስሉን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ሞተሩም ይግላል፤ የእኛ አንዱ ቦጊ ከሌላው ሁለት እጥፍ አምፔር ሲበላ ምክንያቱ ይኸው ነበር፣ ሞተሩ አልነበረም። ሁለቱን ሞተሮች ለየብቻ በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ አስሩጠን ሰዓት ያዝን። እስከ 5 ከመቶ የሚደርስ ልዩነት ጭነት ሲመጣ ይስተካከላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ዲሲሲ ዲኮደሩን (በሐዲዱ የሚመጣውን ዲጂታል ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሮቹን የሚቆጣጠረውን ሰሌዳ) ለመምረጥ የሁለቱም ሞተሮች ዘንግ በእጅ ተይዞ የሚበሉት አምፔር ተለካ፣ ተደመረ፣ ዲኮደሩ ከዚያ በላይ የሚችል ተመረጠ። በሥራ ጊዜ የሚበላውን ብቻ የለካ ሰው ሎኮሞቲቩ አንድ ቀን ሲገታበት ዲኮደሩን ያቃጥላል። ድምፅ ማጉያው በታሸገ ሳጥን ውስጥ ገብቷል፤ ሳጥን የሌለው ድምፅ ማጉያ ትንኝ ነው። ለዴልቲክ ድምፁ ትልቅ ነገር ነው፦ ሁለቱ ሞተሮች አንድ በአንድ ይነሣሉ፣ በአንድነት ሲያጉረመርሙም ሌላ ናፍጣ አይመስሉም።

ክብደት ለመጨመር እርሳስ ከቦጊዎቹ በላይ አስቀመጥን፣ በጠቅላላው 1.8 ኪሎ ሆነ። የእርሳስ ፍሬዎችን በነጭ የእንጨት ሙጫ ማጣበቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ሙጫው ከእርሳሱ ጋር ተዋሕዶ ያብጣል፣ ከዓመታት በኋላ አካሉን ይፈነዳል። ኤፖክሲ ነው።

ቀን 37 እስከ 46፦ ቀለም

አካሉ በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ሁለት ቀን ደረቀ። የሬዚን ቅባት ካልለቀቀ ቀለሙ ከቴፑ ጋር ይነሣል።

ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ጥቁር ነው፦ የመስኮቶቹ ዙሪያ ክሬም ነጭ፣ የአፍንጫው ቢጫ፣ የታችኛው መስመር ሎሚ አረንጓዴ፣ በመጨረሻ ጥቁሩ አረንጓዴ። ቢጫ በአረንጓዴ ላይ አምስት ሽፋን ይፈልጋል፣ አምስት ሽፋን ደግሞ የአፍንጫውን ዝርዝር ይቀብረዋል። ማፍሰሻው 0.4 ሚሜ፣ ግፊቱ 1.2 ባር፣ ኢናሜሉ በራሱ ቲነር ወደ ወተት ውፍረት ቀጠነ። ሴሉሎስ ቲነር ስታይሪንን ስለሚበላ ወደ ክፍሉም አይግባ።

የሎሚው አረንጓዴ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ወደ ግማሽ ሜትር ይሮጣል፣ አንዲት መዛነፍ ከሩቅ ትታያለች። ቴፑን ከሉሁ ጠርዝ አልለካንም፤ አካሉን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠን በቁመት መለኪያ በየ30 ሚሜው ነጥብ አደረግን። ቴፑ ከተለጠፈ በኋላ ጠርዙ ላይ መጀመሪያ እዚያው ያለው ሎሚ አረንጓዴ በስሱ ተነፋ፤ በቴፑ ሥር የሚሰርገው እሱ ይሆናል፣ ክፍተቱንም ይዘጋል። ከዚያ ጥቁሩ አረንጓዴ ቢመጣ መግቢያ የለውም። ቴፑ ቀለሙ ሲነካ የማያጣብቅ ሲሆን፣ ገና ሳይጠነክር፣ ወደ ራሱ ወደ ኋላ ታጥፎ ይነሣል። በአንደኛው ጎን እስከ ማግስቱ ስለቆየ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ ተነሣ፤ ያ ጎን በ1500 ወረቀት ተሸርክቶ ተደገመ።

ቁጥሮቹና የብሪታንያ ምድር ባቡር የአንበሳ ምልክት በሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ ላይ ተለጠፉ። በደብዛዛ ቀለም ላይ አየር ስለሚታመቅ ዙሪያው ብር ይመስላል። አንበሳው በሁለቱም ጎን ወደ ግራ ያያል፤ በ1950ዎቹ ወደ ቀኝ የሚያይም ታትሞ ነበር፣ የአርማ ጉዳይ ባለሥልጣናቱ ስላልተቀበሉት ተተወ። በ1961 ለተሠራ ሎኮሞቲቭ የቀኙ ስሕተት ነው። ተለጣፊዎቹ በታተሙበት ሉህ ላይ ሁለቱም ስለሚኖሩ ቀኙን በመቀስ ቆርጦ መጣል ይሻላል።

መስታወቱ 0.75 ሚሜ አክሪሊክ ነው፣ በውኃ ሙጫ የተያዘ። ፈጣኑ ሙጫ እንፋሎቱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል፣ ወደ ኋላ መመለሻም የለውም።

ሞዴሉን ያገለገለ ለማስመሰል የሚደረገው ማቆሸሽ በልክ ነው። የፊንስበሪ ፓርክ ዴልቲኮች ተጠርገው የሚወጡ ነበሩ። ጣሪያው ግን ከዚህ ይለያል፦ ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ዘይት በጭስ ማውጫው ይከማቻል፣ ሲነዳ በነጭና ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ስለዚህ በጭስ ማውጫዎቹ ዙሪያ የሚቀባው ደረቅ ጥላሸት ብቻ አይደለም፤ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ጥቁር ዘይት ይጨመርበታል።

ቀን 47፦ ሐዲድ ላይ

መጀመሪያ ያለ ጭነት በየአቅጣጫው 30 ደቂቃ በዝግታ ሮጠ። ከዚያ በ1,800 ሚሜ ኩርባ ላይ፣ በቦጊውና በአካሉ መካከል ቀጭን ወረቀት ይዘን የሚነካበትን ፈለግን። አንድ ቦታ ነካ፦ በሁለተኛው ቦጊ የኋላ ጎማ ከአንድ የአሸዋ ቱቦ ጋር። ቱቦው 0.7 ሚሜ ናስ ስለሆነ በፒንሳ ወደ ውስጥ ታጠፈ።

ስምንት ሠረገላ፣ በጠቅላላው 4 ኪሎ፣ ከ50 አንድ በሚነሣ ዳገት ላይ ተሳበ፤ ጎማዎቹ አልተንሸራተቱም። ከሁለት ሰዓት ሩጫ በኋላ ጊሮቹ ተከፍተው የናስ ብናኝ ተጠረገ፣ አዲስ ቅባት ተደረገ፣ የሰንሰለቱን ጥርሶች የሚይዙት ትንንሽ ብሎኖች እንደገና ጠበቁ፤ ከስድስቱ ሁለቱ ላልተው ነበር። የጎማዎቹ 29 ሚሜ በድጋሚ ተለካ። ቱልያር የሚለው ስም የተቀረጸው ናስ ሰሌዳ በሁለት ጠብታ ቬርኒሽ ከጎኖቹ ላይ ተቀመጠ፤ ቬርኒሽ የሆነው ቀለሙ መታደስ ሲያስፈልግ ሰሌዳው ሳይጎብጥ እንዲነሣ ነው።